ሳል አይከለከልም

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ የሚጠብቁት ስኳርም ሳሙናም አይደለም፤ ወሬ ነው። የሰፈሩን ወሬ እናቴ ከማንም አብልጣ ስለምታውቀው እሱን አይፈልጉትም። የሚፈልጉት የሩቅ አገር ወሬ ነው፤ ያውም ተጣርቶ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ የት እንደደረሰ። "ይመስለኛል" ካልኩ ይቆጣሉ። "ለመሰለኝማ እኔስ አለሁ አይደል?" ይላሉ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዕቃ ካርቶን ከሚወጡ የአጠቃቀም መምሪያዎች ነው፤ ኋላ ደግሞ ኔትወርክ ባለ ቁጥር ስልኬ ላይ ዜና በማንበብ። አስተማሪ ስላልነበረኝ ያልገባኝን ቃል ዘልዬ ማለፍ አልወድም። ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛዬን ሸፍኜ ወላጆቼ ዘንድ እሄዳለሁ። ቤታቸው ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው።

በአንድ ክረምት መግቢያ ይዤላቸው የሄድኩት ወሬ ይህ ነበር። ከባሕር ማዶ፣ ብዙ አገሮች ገበያቸውንና ሕጋቸውን አንድ ያደረጉበት ኅብረት አለ። ከኅብረቱ ድንበር ቀጥላ ያለች፣ አባል ያልሆነች አንዲት አገር ከእሱ ጋር የፖለቲካና የኢኮኖሚ ስምምነት ፈረመች። ዕቃዋ ያለ ቀረጥ ይገባላታል፤ በምትኩ የኅብረቱን የንግድና የጥራት ሕግ ትቀበላለች፤ ሹማምንቷም ከእነሱ ሹማምንት ጋር በየጊዜው ተቀምጠው ይመካከራሉ። አባል ግን አትሆንም።

ያስቸገረኝ የስምምነቱ ስም ነበር። ጋዜጠኞች "አጋርነት" ይሉታል። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ፣ ምን ልበለው ብዬ ሳማክራቸው፣ "ሽርክና በለው" ብለውኝ ነበር። ሽርክና ግን ትርፉንም ኪሳራውንም አብሮ መካፈል ነው፤ ይህች አገር ደግሞ የማንንም ኪሳራ ለመካፈል አልፈረመችም። መንገዱን ሙሉ ሳስብበት ሄጄ፣ ቤት ስደርስ ያው "አጋርነት" አልኩ።

"አጋርማ ሚስት ናት" አሉ አባቴ።

"እሰይ!" አለች እናቴ ከጓዳ። "ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ዛሬ ተሰማልኝ!"

"እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሬዲዮው ነው። የትዳር አጋር ይላል።"

"እንግዲያውስ ሬዲዮውን ዕድሜ ይስጠው።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "እና አገር አገርን አገባ ነው የምትለኝ?"

"አይደለም አባዬ። እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ናቸው፤ ግን..." ቃል አጠረኝ። "እንደ መቀናጆ በሉት።"

አባቴ ዞር ብለው ወደ በረቱ አዩ። እናቴም የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ወደ ጓዳው በር መጣች።

መቀናጆ ማለት አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ ጠምደው የሁለቱንም መሬት በየተራ ሲያርሱ ነው። ከተማ ውስጥ "የተቀናጀ" የሚለውን ቃል በየስብሰባውና በየሰሌዳው እሰማዋለሁ፣ አነበዋለሁ፤ ከቀንበር ሥር የወጣ ቃል መሆኑ ግን ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። አባቴ የሚያውቁት የቀንበሩን ብቻ ነው። ዳልቻው በሬያቸው ደግሞ ቀንጃውን ካጣ ወራት ሆኖታል። ለዓመታት አብረዋቸው ያረሱት ጎረቤታቸው ጉልበት ሲከዳቸው በሬያቸውን ሸጠው ደምበጫ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሁለተኛ በሬ መግዛት በእኛ ቤት የሚታሰብ አልነበረም። የበርበሬው ችግኝ መደቡ ላይ እየረዘመ ነው፤ የሚተከልበት መሬት ግን ማረሻ አልነካውም። በርበሬው በጊዜው ካልተተከለ የወላጆቼ ዓመት ባዶውን ያልፋል ማለት ነው።

መፍትሔው ከአጥራችን ማዶ ቆሞ ይታይ ነበር። እዚያ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ትውልዳቸው ከአዊ የሆነ አንዲት አሮጊት ከሦስት ባለትዳር ወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖሩበታል። እኛ "እሜቴ" እንላቸዋለን። ልጆቹ በየጎጇቸው ቢያድሩም መሬቱን በአንድ ያርሳሉ፤ እህሉን በአንድ ጎተራ ይከታሉ፤ በሬዎቹም የሁሉም ናቸው። ጠዋት ከእናታቸው ደጅ ካለችው ግራር ሥር ተቀምጠው ሳይመክሩ ግን አንዲት ዶማ አትነሳም። ምክሩን በአማርኛ ይጀምሩትና ጠበቅ ሲል ወደ አውኝ ይሻገራሉ። ሁለት ጥማድ በሬ አላቸው፤ ከዚያ ውጭ አንድ ቀይ በሬ ትርፍ ነው። ያንን ቀይ በሬና የእኛን ዳልቻ በአንድ ሜዳ ሲግጡ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበውን አባቴም አስበዋል።

እንዳይጠይቁ ያሰራቸው ግን የገዛ አፋቸው ነበር። ድሮ አንድ ሰርግ ላይ፣ ያ ግቢ የቱ ማሳ ይቅደም እያለ እስከ ረፋድ መከራከሩን ሲያወሩ "ፓርላማው" አሉት። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ስሙም ተጣበቀ፤ ዛሬ ማንኩሳ ገበያ እንኳ "የፓርላማው በርበሬ" ተብሎ ይሸጣል። እሜቴ ስሙን ማን እንዳወጣው ያውቃሉ ይባል ነበር፤ አንድም ቀን ግን አንስተውት አያውቁም። አባቴን የሚያስፈራቸው ይኸው አለማንሳታቸው ነው።

"እስቲ ንገረኝ" አሉኝ አባቴ። "ሕጉ ሲወጣ ያቺ አገርም እጅ ታወጣለች?"

እርግጠኛ ሳልሆን መመለስ ስላልፈለግኩ ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩትን ዜና እንደገና አነበብኩት። "አታወጣም። የጋራ ጉባኤ አላቸው፤ እዚያ ትቀመጣለች። ሕጉን የሚያወጡት ግን አባሎቹ ብቻ ናቸው።"

"የማታወጣውን ሕግ ልትጠብቅ ፈረመች?"

"አዎ።"

"ሞኝ ናት እንዴ?"

"ገበያዋ እዚያ ነው አባዬ። የምትዋሰነውም ከእነሱ ጋር ነው።"

አባቴ በአጥሩ ክፍተት ወደ ማዶ አዩ። "ሞኝ አይደለችም" አሉ። "ክረምት ገብቶባት ነው።"

በነጋታው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ "ና ተከተለኝ፤ እሜቴን እንጠይቃቸው" አሉኝ። አጥሩን ስንዞር ትእዛዛቸውን ሰጡኝ። "ያንን የአገር ወሬ ታወራቸዋለህ፤ ልክ ለእኔ እንዳወራኸኝ። መቀናጆ ያልካትን እንዳትረሳ።"

"ለምን ራስዎ በሬውን አይጠይቋቸውም?"

"ከጠየቅኩማ እምቢ ሊሉኝ ይችላሉ። ወሬን እምቢ የሚል ሰው ግን የለም።"

እሜቴ ግራሯ ሥር መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን። ጠላ ተቀዳልን። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ከብቱ ደህንነት ተጠያየቅን። ከዚያ አባቴ "ይህ ልጅ ትናንት አንድ ወሬ ይዞ መጥቶ..." ብለው ወደ እኔ አዩ። አወራሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር ያወራሁት፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። "እንደ መቀናጆ ነው" ስል ቀና አልኩ። እሜቴ የሚያዩት እኔን ሳይሆን አባቴን ነበር።

"ደግ ወሬ ነው" አሉ። "ለመሆኑ ያቺ አገር ከመፈረሟ በፊት ኅብረቱን ምን ብላ ነበር የምትጠራው?"

አባቴን ጠላው ትን አላቸው።

"እሱ... ዜናው ላይ የለም እሜቴ" አልኩ። እውነቴን ነበር።

"አይኖርም። ብቻ ስም ሳታወጣለት አልቀረችም።"

"አውጥታም ከሆነ" አሉ አባቴ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "በፍቅር ነው የሚሆነው።"

"ሰርግ ላይ ይሆናላ።"

"ሰው ሲስቅለት አፍ ያመልጣል እሜቴ። አገርም ቢሆን።"

ታናሽየው ልጅ፣ ጢሙን ያጎፈረ ትልቅ ሰው ነው፣ እናቱንና አባቴን እያፈራረቀ ሲያይ ቆይቶ "አገር ሰርግ ትሄዳለች?" አለ። ታላቁ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

"በሬ አላት?" ጠየቁ እሜቴ።

ዜናው ላይ እንደሌለ ልናገር ስል አባቴ ቀደሙኝ። "አላት እንጂ! አንድ። ዳልቻ።"

"አሃ!" አለ ታናሽየው፤ ሁሉም ሳቁ። እሜቴ ግን ሳቃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። "በየት በኩል የለመደ ነው?"

"በቀኝ።"

"የእኛም ቀይ የቀኝ ነው።"

ሳቁ ቆመ። በእኛ አገር በሬ ከወይፈንነቱ ጀምሮ በአንድ ጎን ነው የሚጠመደው። የቀኙ በሬ ወደ ግራ ሲዛወር ጥማዱን ያውካል፤ ቀንበሩን ይሸሻል፤ ፈሩን ያበላሻል። ሁለት የቀኝ በሬዎች ከተገናኙ አንዱ መልቀቅ አለበት፤ የሚለቀው ደግሞ የሚቸገረው ነው።

ወንድማማቾቹ ወደ አውኝ ተሻገሩ። እናታቸውም ገቡበት። እኔም አባቴም ቋንቋውን ስለማንሰማ እየተጠባበቅን ተቀመጥን። ደጅ ቆመው ውሳኔ የሚጠብቁ የዚያች አገር ሹማምንት ምን እንደሚመስሉ ያን ጊዜ በደንብ ታየኝ። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ምን እያሉ ይሆን?" አሉኝ።

"ዜናው ላይ የለም" አልኳቸው።

በጉልበታቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ታላቁ ልጅ ነው ውሳኔውን የተናገረው፤ እሱም ነገሩን በአገሪቱ አስመስሎ። "ጋሼ፣ ያቺ አገር በግራ ትጠመዳለች። ኅብረቱ ተክለ ሃይማኖትን ስለሚያከብር እሷም ዕለቱን አታርስም። የቱ መሬት መቼ እንደሚታረስ ኅብረቱ ነው የሚወስነው።"

አባቴ ዝቅ ብለው መሬት መሬት አዩ። እኔ ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ ክብራቸውንና ችግኙን እየመዘኑ ነበር። "ግራውን ትለምዳለች" አሉ። "ተክለ ሃይማኖትንም ታከብራለች፤ ማንን ይጎዳል? አቦ ዕለት ግን በሬዋ ከበረት አይወጣም። ያ ከአባቷ የመጣ ነው።"

"አቦማ የሁላችንም ናቸው" አሉ እሜቴ። "ይሁን።"

"ደግሞ... ኅብረቱ ጠዋት ሲመክር እሷም ትቀመጥ።"

ወንድማማቾቹ ተያዩ። እሜቴ አሰቡበት። "ትቀመጥ። ቃል ግን የላትም።"

"ቃል የላትም" አሉ አባቴ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "ብታስልስ?"

እሜቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። "ሳል አይከለከልም።"

በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ወደ ፍኖተ ሰላም አልተመለስኩም። ስለዚህ ዳልቻው ግራ ሲለማመድ አይቻለሁ። አልለምድም አለ። ታናሽየው እርፉን ይዞ፣ አባቴ ከበሬው ጎን በግራ በኩል እየሄዱ ነበር የሚያርሱት። ዳልቻው ቀዩን በትከሻው እየገፋ ወደ ድሮ ቦታው ሊገባ ይታገላል። ፈሩ እንደ እባብ ተጣመመ። እናቴ አጥሩ ላይ ተደግፋ "ያቺ አገር እንዲህ ከሆነች ኅብረቱ አለቀለት!" ብላ ጮኸች። አባቴ በበሬው ጆሮ የሚያወሩት ነገር ነበራቸው። ጠጋ ብዬ ስሰማ "ምን ሆነሃል? በግራም ያው አፈር ነው። በግራም ያው ሣር ነው" ይሉታል። ጅራፍ አላነሱበትም። ከሰዓት በኋላ ዳልቻው መግፋቱን ተወ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ቀንበሩ ሲመጣ ከቀዩ በስተቀኝ ሄዶ ቆሞ ጠበቀ፤ እንደገና ከሀ ተጀመረ።

ግራውን የለመደ ዕለት ሌላ ችግር መጣ። አዲሱ ጥማድ የሚያርሰው የኅብረቱን መሬት ነበር። ዛሬ የታችኛው ማሳ ይባላል፤ ነገ የላይኛው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ከግራሯ ፈንጠር ብላ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ምክሩን ይሰማሉ። ቃላቸውን ጠብቀው ምንም አይሉም። ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ችግኙ መደብ ነው። አንገቱ እየቀጠነ፣ ወደ ጎን መዝመም ጀምሯል። በቅጠሉ ላይ እጃቸውን ቀስ አድርገው ያሳልፋሉ፤ ከዚያ ወደ ቤት ይገባሉ። እናቴም በዚያ ሰዓት አትቀልድባቸውም።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እኔም አብሬያቸው ተቀምጬ ሳለሁ፣ ታላቁ የታችኛው በቆሎ መሬት ይደገም ሲል፣ መካከለኛው የለም ዳገቱ ይቅደም ሲል፣ አባቴ ሳሉ።

ትንሽ ሳል ነበረች። ማንም አልዞረም። ክርክሩ ቀጠለ። እንደገና ሳሉ፤ ይህኛው ረዘም ያለ ነበር።

"ጋሼ፣ ብርድ መታዎት?" አለ መካከለኛው።

"ደህና ነኝ" አሉ፤ ደግመው ሳሉ። እንደዚያ ያለ ሳል ከአባቴ ደረት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የግራሯ ወፎች ተነሱ። ሳሉ አልቆም ብሎ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳሉ፤ በመጨረሻው ላይ ማስመሰሉ የት ላይ እንዳበቃ እኔም ለየሁ ማለት አልችልም።

እሜቴ በአውኝ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ልጆቹ ፈገግ አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ፣ "ይህ ሳል ቶሎ ካልታከመ ወደ ሁላችንም ይዛመታል" አሉ። "ሂዱ የእሱን መሬት እረሱለት።"

አባቴ ከድንጋዩ ላይ ተነሱ። አመሰግናለሁ ለማለት አፋቸውን ከፈት አደረጉና ቃል እንደሌላቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እሜቴም ከመደባቸው ላይ ብድግ ብለው አጸፋውን መለሱ።

ያን ዕለት የወጣው አዲሱ ጥማድ ብቻ አልነበረም። ሌሎቹም ሁለት ጥማዶች መጡ። መሬታችን ታረሰ፣ ተደገመ፣ ለሰለሰ። ዝናቡ ጠብ ጠብ በሚልበት ቀን የሦስቱ ወንድማማቾች ሚስቶች ነጠላቸውን አገልድመው ከእናቴ ጋር በየመስመሩ ገቡ። የረዘመው ችግኝ ጎንበስ ብሎ ተተከለ፤ እኔም ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ አብሬ ተከልኩ። አባቴ ከኋላ እየተከተሉ የዘመመውን በአፈር ያቀናሉ። ከተከላው በኋላ ቀና ያለው ይበዛ ነበር።

መንገድ ሲከፈት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ቤት ስደርስ አባቴ ከዳልቻው ጎን ቆመው በግራው በኩል አንገቱን እያሹለት ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንለዋወጥ "ያቺ አገር እንዴት ሆነች?" አሉኝ።

"አዲስ ነገር አልተጻፈም አባዬ። ስምምነቱ እንዳለ ነው።"

"ለመደች ማለት ነው" አሉ።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቅ ያለ፣ የአሮጊት ሳል። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አባቴን አየቻቸው። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ "ፓርላማችን ሊሰበሰብ ነው" አሉና በአጥሩ በር ወጡ።